«ቻይ» ስላላችሁን እናመሰግናለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ባለፈው ሳምንት በአሜሪካ ስለሚሞቱ ጥቁር ወላዶች ባወጣችሁት ዘገባ መካከል፣ «የሐበሻ እናቶች ግን በቻይነታቸው የታወቁ በመሆናቸው ችግሩ እምብዛም አይነካቸውም» የምትል ዐረፍተ ነገር አለች። ምስጋና መሆኗ ነው መሰለኝ። እዚሁ ሜሪላንድ ሁለት ልጆች የወለድኩ ሴት ነኝና ምስጋናውን ልመልስላችሁ።

ዘገባው ነገሩን ሁሉ በድህነትና በትምህርት ማነስ ደምድሞታል። ድርሻ የላቸውም አልልም። ሆኖም የቴኒስ ኮከቧ ሴሬና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2017 በወለደች ማግስት ሳንባዋ ላይ ደም መርጋቱን ጠርጥራ ምርመራ ስትጠይቅ፣ ነርሷ ማስታገሻው አደናግሯት ይሆናል ብላ እንደነበር ራሷ ተናግራለች፤ እሷንም ገንዘብ አጥሯት ነው እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት፣ ከተጠየቁት ነጭ የሕክምና ተማሪዎችና ተለማማጅ ሐኪሞች ግማሽ ያህሉ «የጥቁር ቆዳ ከነጭ ይወፍራል» ከሚሉት ዓይነት የሐሰት እምነቶች ቢያንስ አንዱን ተቀብለዋል፤ እንዲህ የሚያምኑትም የጥቁር ታካሚን ሕመም አሳንሰው ገምተዋል። የእናንተ «ቻይ» ከዚህ የሚለየው በአማርኛ መጻፉ ብቻ ነው።

ሁለተኛዋን በወለድኩ በአራተኛው ቀን፣ ራሴን እየፈለጠኝና ዐይኔ ብዥ እያለብኝ ወደ ሆስፒታል ተመለስኩ። ነርሷ ሕመሜን ከዜሮ እስከ አሥር እንድገምት ጠየቀችኝ፤ «ዘጠኝ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «ታዲያ አታለቅሺም እኮ» ብላ አራት ጻፈች። በምጥ እንኳ መጮኽ ነውር ነው ተብዬ ማደጌን በየት በኩል ላስረዳት? የደም ግፊቴ የተለካው ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ፈረቃ ሲቀየር ነው፤ 172 በ114። ተተኪዋ ነርስ ቁጥሩን አይታ ሐኪም ለመጥራት ስትሮጥ ወንበሩን ገልብጣው ሄደች። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚሉት፣ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ አደገኛ የደም ግፊት ነበር፤ ከወሊድ በኋላም እንደሚመጣ ያን ዕለት ተማርኩ።

እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ ከ100,000 ወሊድ የሞቱት ጥቁር እናቶች 50.3፣ ነጮቹ 14.5 ነበሩ። እኛም የምንቆጠረው እዚያው ነው፤ ቅጹ ላይ «ሐበሻ» የሚል ሳጥን የለም።

ዘጋቢያችሁ ያነጋገሯቸው ሁለቱም የማኅበር መሪዎች ወንዶች ናቸው፤ ምጥን እንዴት እንደምንችለው ማን እንደነገራቸው ግን አልተጻፈም። ዐረፍተ ነገሯ እንድትታረም እጠይቃለሁ። ወላድ ማነጋገር ከፈለጋችሁ ስልኬን ለብቻው ልኬላችኋለሁ፤ የሚመቸኝ ማታ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው።

የሁለት ልጆች እናት፣
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ