«በምን በለጡን?» ላሉኝ አባቴ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዳካ ዝናብ ላይ ናት፤ መንገዱ ወንዝ ሆኖ ሪክሾዎቹ ግማሽ ጎማቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው ይሄዳሉ። ሰዉም ምንም እንዳልተፈጠረ ጃንጥላውን ዘርግቶ ወደ ሥራው ይገሰግሳል።

ባለፈው በስልክ ስለ ባንግላዴሽ ስናወራ «እነዚያ በረሃብ የምናውቃቸው ሰዎች በምን በለጡን?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ባይቋረጥም በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ቁጭ ብዬ ልጻፍልዎት ብያለሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ስለምጽፍ እየቀነሱ ያንብቡልኝ።

በረሃብ ማወቅዎ ልክ ነው። በ1970 ባሕሩ ገንፍሎ የፈጀው ሕዝብ ከ300 ሺህ እንደማያንስ ይገመታል። በዓመቱ ከፓኪስታን የተለዩበት ጦርነት፣ በ1974 ደግሞ ረሃቡ መጣ፤ የእኛ ወሎ ባለቀ ማግስት መሆኑ ነው። እንግዲህ ከዚያ የተነሣ አገር ነው።

እርስዎ «ጉልበታቸው ርካሽ ስለሆነ ነው» ብለው ነበር። አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና በዚህ አልስማማም። ርካሽ ጉልበትማ እኛም ነበረን፤ እንዲያውም ከእነርሱ የባሰ ርካሽ። ሐዋሳ ስሠራ የአንዲት የስፌት ኦፕሬተር መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር። በዚያው ጊዜ እዚህ በሕግ የተደነገገው ዝቅተኛ ደመወዝ 8,000 ታካ (የአገሩ ገንዘብ ነው) ነበር፤ ወደ 95 ዶላር ይመጣ ነበር። ርካሽነት የሚያበለጽግ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እነርሱ ናቸው እኛን «በምን በለጡን» የሚሉት።

ነገሩ የተጀመረው በ1979 ነው። ደሽ ጋርመንትስ የሚባል የቺታጎንግ ኩባንያ ከኮሪያው ዴዉ ጋር ተዋውሎ 130 ሰዎች ለሥልጠና ወደ ኮሪያ ላከ። ከስፌቱ በተጨማሪ ጨርቅ እንዴት እንደሚገዛ፣ ከውጭ ገዢ ጋር እንዴት እንደሚደራደሩ፣ ጥራት እንዴት እንደሚጠበቅ ተምረው መጡ። ጥቂት ዓመታት ሠርተው አብዛኞቹ ለቀቁና የየራሳቸውን ፋብሪካ ከፈቱ፣ አለዚያም ሌላው የከፈተውን አቋቋሙለት። ለላካቸው ኩባንያ ራስ ምታት ነበር፤ ለአገሩ ግን ዘር ሆነ። አሁን አራት ሚሊዮን ያህል ሰው በልብስ ፋብሪካ ይሠራል፤ አብዛኛው ሴት ነው። አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልከውም ከ80 በመቶ በላዩ ልብስ ነው።

የእኛን ያስቡት። ሐዋሳ ውስጥ አሠሪያችንም፣ ሥራ አስኪያጃችንም፣ ገዢውም የውጭ ሰው ነበር። እኛ መርፌውን እንጂ ሒሳቡን አላየነውም። በ2022 መጀመሪያ የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ዕድል ሲዘጋ እነርሱ ሻንጣቸውን ይዘው ሲሄዱ፣ ከእኛ መካከል «እኔ እቀጥለዋለሁ» የሚል ስንት ሰው ተገኘ?

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ እርስዎን ይበልጥ የሚያስገርም ይመስለኛል፤ የወረቀት ሥራ ነው። ክር ፋብሪካ በነበሩበት ዘመን ለመለዋወጫ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ እየጠፋ ማሽኑ ሸራ ለብሶ ይቆም እንደነበር ሲያወሩኝ ነው ያደግሁት። እዚህ በ1980ዎቹ ለዚህ መላ አበጁለት። አንድ ነጋዴ ከአውሮፓ ገዢ የተከፈተለትን ኤልሲ፣ ማለትም ዕቃው ሲላክ ክፍያው እንደሚፈጸም ባንክ የሚሰጠውን የመተማመኛ ደብዳቤ፣ ለባንኩ ያቀርባል፤ ባንኩ በዚያው መተማመኛ ለጨርቁ ግዢ ሌላ ኤልሲ ይከፍትለታል። የጨርቁ ዕዳ የሚከፈለው ሸሚዙ ተሸጦ ዶላሩ ሲገባ ነው። ጨርቁም ተመልሶ በልብስነት እስከ ወጣ ድረስ ያለ ቀረጥ ቦንድ መጋዘን (ጉምሩክ የሚቆጣጠረው መጋዘን) ይገባል። ካፒታል የሌለው፣ ምንዛሪ ወረፋ የማይጠብቅ ሰው ባለፋብሪካ የሆነው በዚህ ነው። ሰው ስለ ተአምር ያወራል፤ እኔ ግን ከተአምሩ ይልቅ ይህችን አሠራር የፈቀደውን ቢሮ ባደንቅ ይሻለኛል።

ግን ያው መንገድ ለልብስ ብቻ ነው የተጠረገው። ጫማ ሠሪውም ቆዳ ላኪውም ለዓመታት እንዲህ አልተመቻቸለትም፤ ስለዚህ አገሩ በአንድ እግሩ ቆመ። የቆመበትንም ዋጋ ከፍሎበታል። ኤፕሪል 24 ቀን 2013 ዳካ አጠገብ ሳቫር ላይ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት ራና ፕላዛ የሚባል ሕንፃ ሲደረመስ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ሕንፃው መሰንጠቁ በዋዜማው ታይቶ ነበር፤ ባንኩና ሱቆቹ ሲዘጉ የስፌት ሠራተኞቹን ግን ግቡ አሏቸው። ከዚያ በኋላ ነው የውጭ ገዢዎችና የሠራተኛ ማኅበራት ተፈራርመው ፋብሪካዎቹን በመሐንዲስ ማስፈተሽ የተጀመረው። እኔ በምሠራበት ሕንፃ ዛሬ የማደንቀው የእሳት መውጫ ደረጃ ሁሉ የዚያ ቀን ልጅ ነው።

ባንኮቹስ? እዚህ ላይ ብዙ ይናደዱብኛል። በ2019 ብድሩን ያልከፈለ ሁሉ 2 በመቶ ብቻ ቢያስቀምጥ ዕዳው ለአሥር ዓመት እንዲራዘምለት ተፈቀደ። በዓመቱ ደግሞ የብድር ወለድ ከ9 በመቶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ታማኙ ተበዳሪ ሞኝ ተባለ፤ የተጠጋው ደግሞ ደጋግሞ ወሰደ። መንግሥት ተለውጦ መዝገቡ ሲገለጥ፣ በ2024 መጨረሻ ከአምስት ብድር አንዱ የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ግብሩም እንዲሁ ነው፤ ከኢኮኖሚው የሚሰበሰበው ከ10 በመቶ በታች ነው፤ ከዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት። (የእኛም አይሻልም፤ በዚህስ ዘመዳሞች ነን።)

በ2024 ተማሪዎቹ ለምን እንደተነሡ ጠይቀውኝ ነበር። መነሻው የመንግሥት ሥራ ኮታ ነው፤ ከመቶው ሠላሳው ለ1971 አርበኞች ቤተሰብ የተያዘ ነበር። ኢኮኖሚው ለዓመታት በአማካይ ከ6 በመቶ በላይ አደገ በሚባልበት አገር ወጣቱ ለጸሐፊነት ወንበር ደረቱን ለጥይት የሰጠው ለምን ይመስልዎታል? ዕድገቱ አምስተኛ ክፍል ለጨረሰች ልጅ ማሽን ሰጥቷል፤ ዲግሪ ለያዘው ግን እምብዛም የሰጠው ነገር የለም። የገበያው ዋጋ ደግሞ አናት ላይ ወጥቷል፤ በ2022 መጀመሪያ 86 ታካ የነበረው ዶላር ከ120 አልፏል። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ሼክ ሐሲና ኦገስት 5 ቀን አገር ጥለው ወጡ፤ ከሦስት ቀን በኋላ የድሆች ባንክ ያቋቋሙት ሙሐመድ ዩኑስ ጊዜያዊውን መንግሥት ተረከቡ። የቀድሞው መንግሥት ይነግረን የነበረው የዕድገት ቁጥርም የተጋነነ ነበር የሚሉ የአገሩ ባለሙያዎች አሉ። ስለ ባለሁለት አኃዝ ዕድገት እርስዎና እኔ ስንከራከር ያመሸንበትን አስታወሰኝ።

አንድ የሚያስደስትዎ ነገር ልጨምር። ፓድማ በሚባለው ወንዝ ላይ ከ6 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ድልድይ አለ። የዓለም ባንክ በ2012 በሙስና ጥርጣሬ 1.2 ቢሊዮን ዶላር ብድሩን ሲሰርዝባቸው በራሳችን እንሠራዋለን ብለው ተነሡ፤ በ2022 ተመረቀ። እርስዎ ከጡረታዎ ቆርጠው የገዙትን የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ለሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው አንዷ «አባትሽ ቤንጋሊ ናቸው» አለችኝ።

አሁን ጭንቀታቸው ሌላ ነው። ከድሃ አገሮች ዝርዝር የሚወጡበት ቀን ኖቬምበር 2026 ተብሎ ተቆርጦላቸዋል። ክብር ነው፤ ግን ከቀረጥ ነፃ መግባቱ አብሮ ይቀራል። አውሮፓ ሦስት ዓመት ጨምሮላቸዋል፤ ባለፋብሪካዎቹ ግን ቀኑ ራሱ ይራዘምልን እያሉ ይወተውታሉ። አርባ ዓመት በዚህ ዕድል የሠራ ነጋዴ ሌላ ገበያና ሌላ ሸቀጥ ለማሰብ ጊዜ አልነበረኝም ሲል እኔ አላምነውም።

የእህቴ ልጅ ቴክስታይል ይማር ወይስ አይማር ላሉት፣ ይማር። ነገር ግን ከማሽኑ ጎን ለጎን ኤልሲውን፣ ጉምሩኩንና ከገዢ ጋር መደራደሩን እንዲያጠና ይንገሩልኝ፤ ክረምቱን ይደውልልኝ፣ የማነበውን እልክለታለሁ። ለእማማና ለጎረቤቶቻችን ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ። የጉልበትዎን መድኃኒት ሳያቋርጡ ይውሰዱ።

አክባሪ ልጅዎ
ከዳካ