የኬሚስትሪ ክበብ፦ ቀለሙ ከጠፋ በኋላ

ዘንድሮ ክበባችን የያዘው ጥያቄ አንድ ነው። ከፋብሪካ ፍሳሽ ውስጥ መርዛማ ከባድ ብረቶችን በኤሌክትሪክ ማውጣት ይቻላል? ጥያቄውን ያነሱት ተማሪዎቹ ናቸው። እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ እንደ ምግብ ትራፊ በስብሰው አይጠፉም። ከውኃ ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ እህል እያሉ ሰው ዘንድ ይደርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1956 በጃፓን ሚናማታ በይፋ የታወቀው በሽታ ከፋብሪካ ወደ ባሕር የተለቀቀ ሜርኩሪ በዓሣ በኩል ያመጣው ነው። ተማሪዎቹ ይህን ካነበቡ በኋላ ሥራውን የሙጥኝ አሉ።

እነዚህን መርዞች ላቦራቶሪ ውስጥ አናስገባም። በምትካቸው በውኃ የሟሟ ኮፐር ሰልፌት፣ ማለትም ሰማያዊ የመዳብ ጨው፣ ተጠቀምን። ሁለት የካርቦን ዘንግ ነክረን ከባትሪ ጋር አገናኘን። በኔጋቲቩ ዘንግ ላይ መዳቡ ቀላ ብሎ መለጠፍ ሲጀምር የነበረውን ጩኸት ጎረቤት ክፍሎች ይመሰክራሉ! ከፍ ያሉት ተማሪዎች ያለፈው ኤሌክትሪክ ምን ያህል ብረት እንደሚያወጣ በሚናገረው በፋራዴይ ሕግ አሰሉት፤ 1 አምፔር በ1 ሰዓት ቢበዛ 1.19 ግራም ያህል መዳብ ያወጣል። ዘንጉ ሲመዘን ግን ከዚያ አነሰ።

ምክንያቱ የታየው መጨረሻ ላይ ነው። ሰማያዊው ቀለም ሲጠፋ ብዙዎቹ "አለቀ" አሉ። አንዲት ተማሪ ግን ከውኃው ጥቂት በቴስት ቲዩብ ወስዳ አሞኒያ ጠብ ጠብ አደረገችበት። አሞኒያ መዳብ ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል፤ ጥርት ያለውም ውኃ ሰማያዊ ሆነ። መዳቡ ገና አላለቀም ነበር! በዚያው ሰዓት ዘንጉ ላይ አረፋ በዝቷል፣ አዲስ የሚለጠፈውም ጠቆር ያለ ዱቄት ሆኗል። በውኃው ውስጥ ያለው መዳብ ሲሳሳ ወደ ዘንጉ የሚደርሰው አዮን (ኤሌክትሪክ ሙል ያለው የመዳብ ቅንጣት) ያንሳል። ኤሌክትሪኩም ውኃውን ወደ መሰንጠቅ ይዞራል፤ አረፋው ሃይድሮጅን ነው።

በእኔ እምነት የዓመቱ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው። አብዛኛውን ማውጣት ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው የቀረችው ጥቂት ናት። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው መመሪያ ደግሞ ለእርሳስ በሊትር 0.01፣ ለካድሚየም 0.003 ሚሊግራም ነው። ይህን ያህል በዓይን አይታይም።

ሌላው ቡድን በካርቦን ዘንጉ ፋንታ የብረት ሳህን ከኤሌክትሪኩ ጋር አገናኝቶ ሞክሯል። ሳህኑ እየሟሟ በውኃው ውስጥ ያሉትን ከባድ ብረቶች ይዞ ይዘቅጣል። ጥሩ ይሠራል፤ ግን ዝቃጩ ራሱ መርዝ ይዞ ስለሚቀር ማስቀመጫ ይፈልጋል። ዘንግ ላይ የተለጠፈ መዳብ ግን ተፍቆ መልሶ ይሠራበታል። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ።

የተረፈውን ውኃ ማጠቢያው ላይ አልደፋነውም። ምልክት ተለጥፎበት በማሰሮ ተቀምጧል። በሚቀጥለው ዓመት በዘንጉ ቦታ የካርቦን ጨርቅ እንሞክርበታለን። ቀዳዳው ብዙ፣ ገጹም ሰፊ ስለሆነ የቀረውን አዮን ለማግኘት ይሻላል። አሞኒያውን የምትጨምረው ያቺው ተማሪ ናት።