ካርታው ላይ ያልተጻፈው መጋላ

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

አባባ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የላክሁልህ ወረቀት በጣልያን ጊዜ የተሠራ የድሬዳዋ ካርታ ቅጂ ነው። ዓይንህን እንዳያስቸግርህ በትልቁ አሳትሜዋለሁ። መጀመሪያ የባቡሩን ሰፈር ከዚራን እያት። ባቡር ጣቢያው፣ ከፊቱ ያለው አደባባይ፣ ከዚያ በመስመር የወጡት መንገዶች ሁሉ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። የደቻቱን ወንዝ ተሻግረህ መጋላ ስትገባ ግን ዝም ይላል። አንተ ተወልደህ ያደግህበት ሰፈር እዚያ ላይ ስም የሌለው ጥቁር መደብ ነው።

ምክንያቱ ከከተማዋ አመሠራረት ይመጣል። ሐረር ከተራራ ላይ በመሆኗ ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት ከባድ ስለነበር፣ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ ከሥሩ ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ «አዲስ ሐረር» ይሏት ነበር። ከዚራን የፈረንሳዩ ኩባንያ ቀይሶ ሠራት። መጋላን የሠራት ነጋዴውና ባለግመሉ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነውና፣ ወደፊት እስኪቀጥል ድረስ ዕቃው ድሬዳዋ ላይ ከባቡር እየወረደ ወደ መሀል አገር በግመልና በበቅሎ ይጫን ነበር። ያ ሁሉ ግርግር የነበረበትን ወገን ካርታው አለመዘርዘሩ ያሳዝነኛል።

ካርታውን በኮምፒውተር ከዛሬው የሳተላይት ምስል ጋር ደርቤዋለሁ። ለዚህ በሁለቱም ላይ የሚታዩ፣ ከቦታቸው ያልተነቃነቁ ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እኔ ጣቢያውን፣ አሮጌውን ሐዲድና የከዚራን መስቀለኛ መንገዶች ያዝሁ። ሲገጥም ዓይኔ ደቻቱ ላይ ቀረ። ቀያሹ የወንዙን አሸዋ በነጠብጣብ ነው ያመለከተው፤ ነጠብጣቡ ሰፊ ነው፣ ዛሬ ቤት የቆመበትን ዳርቻ ሁሉ ይነካል። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በደቻቱ ወርዶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የሆነውን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። እነዚያን ነጠብጣቦች ከዚያ ወዲህ እንደ ጌጥ ማየት አልችልም። እንዲህ ያለ ካርታ በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ደስ ይለኛል፤ ሰው ቤት ከመሥራቱ በፊት ውኃው የት የት ይሄድ እንደነበር ይየው።

እንግዲህ መጋላን የምትሞላልኝ አንተ ነህ። ካርታው ላይ በቀጥታ አትጻፍ፤ አብሮ የተላከውን ስስ ወረቀት ደርብበትና በእርሳስ አድርገው። በዓይንህ ያየኸውን በሙሉ መስመር፣ ከአያቴ የሰማኸውን በቁርጥራጭ መስመር ለይልኝ። ግመሎቹ የሚያርፉት የት ነበር? ቀፊራ ገበያ ያኔ እስከየት ይደርስ ነበር? ውኃ የምትቀዱትስ ከየት ነው? የምድር ባቡር ሠራተኞች ተከራይተው የሚኖሩባቸውን ግቢዎችም አትርሳቸው። ዓመተ ምህረቱ ካልመጣልህ «ከአብዮቱ በፊት»፣ «ወርክሾፕ ከመቀጠሬ በፊት» ብለህ ጻፍ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ። ጎረቤቶችህ አንዱን ቦታ በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ በሌላ ስም የሚጠሩት ከሆነ ሁሉንም ጻፈው፤ አንዱን መርጠህ ሌላውን አትተው።

ተቀምጠህ ካልታወሰህ ፀሐዩ በረድ ሲል ከልጆቹ አንዱን ይዘህ ወጣ በል፤ ሰው እግሩ የረገጠውን ቶሎ ያስታውሳል። ባጃጅ ያዝ እንጂ በዚያ ጉልበትህ ድልድዩን በእግርህ እንዳትሻገር። መነጽርህም ከጠበበህ ቀድመህ አሳየው።

ለጥምቀት ስመጣ የሠራኸውን ይዘን ካንተ እኩዮች ጋር እንቀመጣለን። ወንበሩንና ቡናውን ለእኔ ተዉት።

የምትወድህ ልጅህ