ለቅጠልዬ፣ ከጧፉ ጋር የተላከ

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ጓደኛዬ፣ ለቅጠልዬ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? የባሕር ዳር ሙቀት እንዴት ይዞሻል? በረንዳሽ ላይ ያሉት ተክሎችሽስ ደህና ናቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ሦስት ዓመት ዝም ብዬ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ትናንት ኅዳር ሲታጠን ስለነበር ነው። ሰፈሩ ጭስ በጭስ ሆኖ ዋለ። በየደጁ ቆሻሻ ተቆልሎ ይነዳል። እኔም ደጄን ጠርጌ ለኮስኩ። ጭሱ ዓይኔን ሲያቃጥለኝ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ልጆች ሆነን ሰው ሁሉ ገለባና ጥራጊ ሲያቃጥል፣ አንቺ ከጓሮ የጥድ ቅጠልና የወይራ ስንጥር ይዘሽ መጥተሽ ትጨምሪበት ነበር። «በሽታ በሚከረፋ ጭስ አይሄድም» ትዪን ነበር። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ስንቱን ቤት እንደዘጋ፣ ይህ ማጠን ከዚያ ወዲህ የዘለቀ ልማድ እንደሆነ የነገረችን ደግሞ እናትሽ ናት።

እናትሽ። ከዚህ በፊት ስጽፍልሽ ሁልጊዜ እዚች ቃል ላይ ስደርስ ነበር ወረቀቱን የማጥፈው።

ማረፏን የሰማሁት አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው። ያኔውኑ መነሳት ነበረብኝ። አልተነሳሁም። ሥራ ነበረብኝ፣ ልጄም ታሞ ነበር። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ዋናው ምክንያት ግን እፍረት ነው። አርባዋ ካለፈ በኋላ ምን ብዬ ደጅሽን እረግጣለሁ አልኩ። ወር ሲያልፍ ባሰብኝ። ዓመት ሲሞላ ስልኬን አንስቼ፣ ስምሽን አይቼ፣ መልሼ ማስቀመጥ ሆነ ሥራዬ። አንቺም አልደወልሽልኝም፤ አልፈርድብሽም። ለቅሶ ያልደረሰ ወዳጅ በኛ ሀገር ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ያውም በእናትሽ ለቅሶ፣ ያውም ከቤቷ በልቼ ያደግኩት እኔ! ቅጠልዬ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር በይኝ።

ባዶ እጄን ይቅር በይኝ ማለት ከበደኝ። ገዝቼ እንዳልክልሽም ጠባይሽን አውቀዋለሁ። የሱቅ ዕቃ ሲሰጥሽ አመስግነሽ ትቀበዪና መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ከጨሞጋ ወንዝ ዳር ያነሳሁልሽን ለስላሳ ድንጋይ ግን መስኮትሽ ላይ ነበር ያስቀመጥሽው። ስለዚህ ከነሐሴ ጀምሮ በእጄ ስሠራ ከረምኩ። ነገ ጠዋት በሚኒባስ የምልክልሽ የቀርከሃ ቅርጫት ውስጥ ያለው ሁሉ፣ ከቅርጫቱ በቀር፣ የእጄ ሥራ ነው። ቅርጫቱ የእንጅባራ ነው፤ የነሱን የቀርከሃ ሥራ እኔ መቼም አልችለውም።

መጀመሪያ ጧፎቹን አውጪያቸው። 40 ናቸው። ለምን 40 እንደሆኑ አንቺ ታውቂያለሽ።

እናትሽ ጧፍ ስትሠራ እኔና አንቺ ክሩን ከዳርና ዳር ይዘን እንቆም ነበር። ያየሁት ሁሉ ትዝ ይለኛል ብዬ ጀመርኩት፤ እጄ ግን ረስቶታል። ከጠጅ ቤት ሁለት ኪሎ ሰፈፍ ገዛሁ። ውሃ ውስጥ አፍልቼ በሻሽ አጠለልኩትና አሳደርኩት። ጠዋት ሰሙ እንደ እንጀራ ውሃው ላይ ረግቶ ተንሳፎ አገኘሁት። ከሥሩ የተጣበቀውን ጥቁር ዝቃጭ በቢላዋ ፍቄ ጣልኩ። ከሁለት ኪሎው ንጹሕ ሰም ሆኖ የቀረው ከግማሹ ብዙም አይበልጥም። ሽታው ግን ቤቱን ሞላው። ማር ማር የሚል ቤት ውስጥ ተኝተሽ ታውቂያለሽ? ሦስት ሌሊት እንደዚያ ተኛሁ።

የመጀመሪያውን ሰም አበላሸሁት። ድስቱን በቀጥታ ከሰል ላይ ጣድኩትና ጠቆረ፣ ሽታውም ተቃጠለ። ሰም ከ60 ዲግሪ ትንሽ አለፍ ሲል ነው የሚቀልጠው፤ ብዙ እሳት አይፈልግም፤ ከበዛበት ደግሞ ራሱ እሳት ይይዛል። እናትሽ ትንሿን ድስት ውሃ ባለበት ትልቅ ድስት ውስጥ የምታስቀምጠው ለዚህ ነበር። ልጅ ሆኜ ድስት እንዳይቆሽሽባት ይመስለኝ ነበር።

ፈትሉን ጎረቤቴ ፈተለችልኝ። እኔ ደግሞ አባዛሁና ገመድኩት። እዚህ ላይ የእናትሽ ድምፅ መጣልኝ። «ክሩ መጀመሪያ ይጥገብ» ትል ነበር። መጀመሪያ ሲጠልቅ ከውስጡ ትንንሽ አረፋ ይወጣል። አረፋው እስኪቆም ሰሙ ውስጥ ይቆያል። ያኔ ይወጣል፣ ይለጠጣል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቶሎ ማጥለቅ፣ ቶሎ ማውጣት ነው። ከቆየ የቀደመው ሰም ይቀልጥና ይሄዳል። እያጠለቅኩ፣ እያደረቅኩ፣ እንደገና እያጠለቅኩ ቀስ በቀስ ወፈረልኝ። ክሩ ከቀጠነ ነበልባሉ ሰም ውስጥ ይሰጥማል፤ ከወፈረ ደግሞ ያጨሳል። ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሠራኋቸው ናቸው ደህናዎቹ። ከላይ በቀይ ክር የታሰሩት እነሱ ናቸው። ለእናትሽ መታሰቢያ ስትሄጂ እነሱን ያዢ። የቀሩትን ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋም ሳይጠፋም፣ ቤትሽ አብሪያቸው። በጨለማ ቤት ውስጥ አንዲት ጧፍ አብርተሽ ዝናብ ስትሰሚ ማደር እንደምትወጂ አልረሳሁም።

በጨርቅ የተቋጠሩት ቅጠሎቹ ናቸው። ጦስኙን ከገበያ፣ ከደጋ ከወረዱ ሴቶች ገዝቼ ነው ያደረቅኩት። አሪቲውና ዳማ ከሴው የጓሮዬ ናቸው። ማድረቁ ቀላል ይመስል ነበር። መስከረም ላይ ጠበቅ አድርጌ አስሬ ሰቀልኳቸው። ዝናቡ ገና አልወጣም ነበርና መሃላቸው ሻገተ። ሁሉንም ጣልኩት። ጥቅምት ላይ ደግሜ ቀጠፍኩ። አሁን እፍኝ የማይሞላ እያደረግኩ፣ ላላ አድርጌ አስሬ፣ ቁልቁል ጥላ ውስጥ ሰቀልኩ። ፀሐይ ላይ ብናሰጣው ኖሮ ቶሎ ይደርቅ ነበር፤ ሽታውን ግን ፀሐይ ይወስደዋል። በእጅሽ ስታሽው ካልተንኮሻኮሸ አልደረቀም ማለት ነው፤ ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ እንዳትከቺው። አሪቲውን ልብስሽ መሃል አድርጊው። ጦስኙን ለሻይ።

ጤና አዳምም ልልክልሽ ነበር። በጠራራ ፀሐይ ስቀጥፍ ጭማቂው ነካኝና ፀሐዩ ሲያገኘው ክንዴ ተቃጠለ፤ ውሃ ቋጠረ። አሁን ድኗል። አንቺ ሁልጊዜ ማለዳ የምትቀጥፊው ለዚህ እንደሆነ አሁን ገባኝ። ለቡናሽ ከባሕር ዳር ገበያ አታጪውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበልሽ። ሰፈር ውስጥ አንቺን «መድኃኒት ታውቃለች» ሲሉሽ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ቃሉ ሁለት ፊት እንዳለው አንቺም እኔም እናውቃለን። ምች የመታው ልጅ ይዘው ሲመጡ በአንደኛው ፊት ይጠሩሻል። ልጁ ድኖ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሌላኛው ፊት ያወሩብሻል። ከቤት ስለማትወጪ፣ ሰው ስለማታበዢ፣ ጨረቃ ስትወጣ ደጅ ተቀምጠሽ ስለምታያት፣ ከዛፍ ጋር ስለምታወሪ ብዙ ተባለ። «መተተኛ» ያለችም ነበረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር። ዝም አልኩ። ከለቅሶው በፊት የነበረው ዝምታዬ ይኸኛው ነው፤ ይኸኛውም ይቆጨኛል። ያን ቀን ማለት የነበረብኝን አሁን እላለሁ። አንቺ ክፉ ነገር አታውቂም። አንቺ የምታውቂው የቱ ቅጠል ለምን እንደሚሆን፣ መቼ እንደሚቀጠፍ፣ ስንቱ ለተክሉ እንደሚተው ነው። ይህን ከእናትሽ ተማርሽ፤ እሷም ከእናቷ። እንደሱ ያለ እውቀት ያለው ሰው ደጅ ላይ መቀመጥ ለኔ ክብር ነው።

ወይራውን በተመለከተ አትቆጪኝ፤ ሕይወት ያለው ዛፍ አልቆረጥኩም። ነሐሴ ላይ ነፋስ ከጎረቤቴ ግቢ የጣለው ቅርንጫፍ ነው። ስንጥር ስንጥር አድርጌ አደረቅኩት። ገል ላይ ፍም አድርገሽ ጥቂት ጣል አድርጊበት። እርጎ የምታደርጊባትን ቅል አፏን ደፍተሽ እጠኚባት። ባሕር ዳር ለወተት ዕቃ የሚሆን ወይራ እንደ ልብ አይገኝም ብለሽኝ ነበር፣ ከስንት ዓመት በፊት።

ካርዶቹ ሦስት ናቸው። አደይ አበባውን መስከረም ላይ ቀጥፌ፣ በጋዜጣ መሃል አድርጌ፣ ከጤፍ ኩንታል ሥር አስቀመጥኩት። የመጀመሪያውን ሳምንት ጋዜጣውን በየሁለት ቀኑ ካልቀየሩት ቡናማ ይሆናል። ከሃያ ያህል አበባ ቢጫነታቸው የቀረላቸው ዘጠኝ ናቸው። በዱቄት ሙጫ ለጠፍኳቸው። ለእንቁጣጣሽ ልጆች ሥዕል ሥለው በየቤቱ እንደሚያዞሩት ማለት ነው፤ አንቺ ጎበዝ ሠዓሊ ነበርሽ፣ እኔ ገንዘቡን ሰብሳቢ። አንዱ ካርድ ላይ ጅብራ ለመሣል ሞክሬያለሁ። ጮቄ የወጣን ጊዜ ከሥሩ ተቀምጠሽ አልነሳም ያልሽውን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጉም ወርዷል፣ ሰው ሁሉ እንውረድ ይላል። አንቺ እጅሽን ግንዱ ላይ አድርገሽ ዓይንሽን ጨፍነሻል። ያን ቀን የፊትሽን ሰላም ያህል በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም።

ሙዳዩ ትንሽ ነው፤ ወገቡም ጠመም ብሏል። ስንደዶ ሰንጥቄ፣ በውሃ አርሼ፣ በወስፌ እየወጋሁ አንድ ወር ፈጀብኝ። አለላው ቀይና አረንጓዴ ነው። ውስጡ የበሶብላና የአደይ ዘር በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬልሻለሁ። አደዩን ሰኔ ላይ ዝሪው።

አንድ ስጦታ ግን በቅርጫት አይላክም። ጓሮዬ ያለችው ዳማ ከሴ፣ ከናንተ ግቢ እናትሽ ቆርጣ የሰጠችኝ ናት። አሮጌው ቤት ተሸጦ ወደ ባሕር ዳር ስትሄዱ፣ ግቢው ሲመነጠር፣ የናንተዋ እንደጠፋች አውቃለሁ። የኔዋ ግን አለች። ከአጥሩ በላይ ሆናለች። መስከረም ላይ አንድ ቅርንጫፍ ቆርጬ በዘይት ጀሪካን አፈር ላይ ተከልኩ። ሁለት ሳምንት አንገቷን ደፋች። ልትሞት ነው ብዬ ነበር። አሁን ሥር ይዛለች፤ አዲስ ቅጠልም አውጥታለች። ይህችን ለሚኒባስ ረዳት አልሰጥም። በጭኔ ይዣት እመጣለሁ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ የምመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ኅዳር 20 ነው። በመጀመሪያው መኪና እነሳለሁ። ደጅሽ ስደርስ እንደ እንግዳ አልገባም። እርሜን አላወጣሁም፤ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አልቅሼ ነው የምገባው። ጎረቤቶችሽ ከሦስት ዓመት በኋላ ምን ለቅሶ ነው ይላሉ። ይበሉ። አንቺ ካላለቀስሽ ግን አትጨነቂ፤ እኔ ለሁለታችንም አለቅሳለሁ። ከዚያ በኋላ እኔው ቡና አፈላለሁ። ጾም ስለሆነ ለምግቡ ብለሽ እንዳትደክሚ፤ ሽሮ ይበቃናል።

ቅርጫቱን ስትቀበዪ ፀሐይ ላይ እንዳይቆይ። ጧፎቹ በባሕር ዳር ሙቀት ይጎብጣሉ። ከመናኸሪያው ራስሽ ብትቀበዪው ይሻላል፤ ከቤት መውጣት እንደማትወጂ አውቃለሁ፣ ለዚች አንድ ቀን ብቻ።

አሁንም ያው ቤት ነሽ አይደል? ሰማያዊው በር፣ ደጁ ላይ የሎሚ ዛፍ ያለበት? ከተቀየረ በዚሁ ስልኬ መልእክት ላኪልኝ። ቁጥሬ ያው ነው።

ወዳጅሽ