እህቴ ክሷን ያነሳችው ሕግ ስለማታውቅ አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

በትዳር ውስጥ ስለሚደርስ ድብደባ ያወጣችሁትን ዘገባ እዚህ ጅማ ያላነበበው ያለ አይመስለኝም። ከስልክ ስልክ ሲዞር ነው የሰነበተው። ርዕሱን ማንሳታችሁ ደግ ነው። አንዱ ዓረፍተ ነገር ግን እስካሁን ደሜን እያፈላው ነው። «እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ሴቶች በግንዛቤ እጥረት ምክንያት ክሳቸውን ያነሳሉ» ይላል።

የግንዛቤ እጥረት! ዘጋቢያችሁ ይህን ከማን ሰማው? ዘገባው ውስጥ የተናገሩት ሰዎች በሙሉ አዲስ አበባ ነው ያሉት። ከጅማ ሰፈሮች መንደራም፣ ሂርማታም፣ ጊንጆም የረገጠ ሰው የለም። ከእኛ ከተማ አንዲት ሴት አልተጠየቀችም። የከተማችን ስም የተጠራው ለወቀሳ ብቻ ነው።

ታናሽ እህቴ ክሳቸውን ካነሱት አንዷ ናት። ስለዚህ ዝም አልልም።

እኔ ቤት የመጣችው በሌሊት፣ በባጃጅ ነው። ልጇን አቅፋ፣ ፊቷን በነጠላ ሸፍና። ነጠላውን ስትገልጠው ግራ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል። ክንዷ ላይ የባሏ ጣቶች ያረፉበት ቦታ አንድ በአንድ ይታያል። ሲነጋ ጣቢያ ሄደን ቃሏን ሰጠች። ከዚያ ለሐኪም ቤት ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባልን። የሚፈርመው የለም፣ ነገ ተመለሱ ተባልን። ደብዳቤው ተጽፎ ሐኪም ዘንድ ስትደርስ እብጠቱ ጎድሏል። የሕክምና ማስረጃው ላይ የተጻፈው እኔ በዚያች ሌሊት ያየሁትን ፊት አይመስልም።

ይህ መዘግየት ምን እንደሚያስከትል ዘገባችሁ አልነገረንም። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 ጠቅሶ «ሚስትን መደብደብ ያስቀጣል» ብሎ አለፈ። ያስቀጣል፣ እውነት ነው። ግን አንቀጹ የራሱ ቅጣት የለውም። ከ555 እስከ 560 ወዳሉት አንቀጾች ይመራል። እነሱ ደግሞ መንገድ ላይ ተጣልተው ለተደባደቡ ሰዎችም የሚሠሩ ናቸው። ጉዳቱ ከባድ ከተባለ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለ። ቀላል ከተባለ፣ መሣሪያ ወይም ሌላ ማክበጃ ከሌለበት በቀር፣ እሷ ራሷ አቤት ካላለች ክስ የለም። ቅጣቱም ቢበዛ የ1 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። ከዚያም በታች የእጅ እልፊት፣ ማለትም የአካል ጉዳት ያላደረሰ ምት አለ፤ አንቀጽ 560። እዚያ መቀጮው ከ300 ብር አያልፍም፤ ከበድ ካለ እስከ 3 ወር እስራት። ተራ ሰንበር፣ እብጠትና ወዲያው የሚያልፍ ሕመም ደግሞ እንደ አካል ጉዳት አይቆጠሩም።

አሁን ሁለቱን አገናኙት። ያበጠ ዓይን ፊርማ እስኪገኝ አይጠብቅም። ደብዳቤው በዘገየ ቁጥር ማስረጃው ይሳሳል፣ ክሱም ወደ 300 ብሩ ይወርዳል። በ300 ብር ዛሬ ጅማ ላይ አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም።

እህቴ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ጉዳዩን የያዘው መርማሪ ቁጭ አድርጎ አስረድቷታል፤ እግዜር ይስጠው። ተስፋ የቆረጠችው ካወቀች በኋላ ነው።

ሰውየው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ቀርቦ በዋስ ወጣ። ዋስትና መብት ነው፣ አልቃወምም። ግን የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 67 ተከሳሹ ሌላ ወንጀል ይፈጽማል ወይም ምስክር ያባብላል ተብሎ የሚያሰጋ ከሆነ ዋስትና መከልከል እንደሚቻል ይናገራል። የዚህ ጉዳይ ዋና ምስክር ማን ናት? ሚስቱ። ቤቷስ የት ነው? እሱ ጋ። ችሎቱ ላይ ተቀምጬ ይህን የሚጠይቅ ሰው ጠበቅኩ፤ አልተጠየቀም። ያን ዕለት ማታ ሰውየው ደጄ ላይ ቆሞ ስሟን ይጠራ ነበር።

«የምስክሮች ጥበቃ አዋጅም አለ» ትላላችሁ። አለ፤ ቁጥሩ 699/2003 ነው። ግን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት ሊያስቀጡ ለሚችሉ ወንጀሎች የወጣ ነው። ቢበዛ 1 ዓመት በሚያስቀጣ ክስ የምትመሰክር ሴት አዋጁ አይነካትም። ይህን ለማወቅ አዋጁን ገልጦ ማየት ይበቃ ነበር።

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። «ፍርድ ቤት ባልየውን ከቤት እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል» ብላችሁ የ1992ቱን የቤተሰብ ሕግ ጠቀሳችሁ። ያ ሕግ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው። ጅማ ያለችው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ ኦሮሚያ ደግሞ በ1995 የራሷን የቤተሰብ ሕግ አውጥታለች። እኛ በየትኛው ሕግ እንደምንዳኝ ሳታጣሩ እኛን ሕግ አያውቁም አላችሁን? የግንዛቤ እጥረቱ የማን ነው?

ደግሞስ በዚያ በጠቀሳችሁት ሕግ እንኳ ትእዛዙ የሚመጣው የፍቺ አቤቱታ ከቀረበ በኋላ ነው። እህቴ መፋታት አልፈለገችም። የፈለገችው ዱላው እንዲቆም ነው። «አንተ ለጊዜው ውጣ፣ እሷና ልጇ ይቆዩ፣ ወደዚህ ሰፈር ዝር እንዳትል» ብሎ በአስቸኳይ የሚያዝ፣ ትእዛዙን ለጣሰም የሚቀጣ ድንጋጌ የወንጀል ሕጋችን ውስጥ የለም። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ኡጋንዳ በ2010 ለብቻው ሕግ አውጥተውለታል። ዘገባችሁ ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። ባል ሚስቱን አስገድዶ ቢደፍርም የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር የሚለው ከጋብቻ ውጪ የሆነውን ብቻ መሆኑንም አላነሳችሁም።

ቁጥርስ ለምን እየመረጣችሁ ትጽፋላችሁ? የ2008ቱን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጠቅሳችሁ 63 በመቶ ሴቶች ባል ሚስቱን የሚመታበት ተገቢ ምክንያት አለ ብለው እንደሚያምኑ ነገራችሁን። እዚያው ጥናት ውስጥ ካገቡ ሴቶች 34 በመቶው በባላቸው አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት እንደደረሰባቸው ተጽፏል። እሱን ተዋችሁት። ሴቶቹን የሚያስወቅሰውን ጻፋችሁ፣ የደረሰባቸውን ዘለላችሁ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት እሱ በዋስ ከወጣ በኋላ ነው። እኔ ሽማግሌ አልንቅም፣ በሽምግልና ነው ያደግኩት። ቡና ተፈላላቸው። «ገመናሽን አደባባይ አታውጪ፣ ለልጅሽ ስትይ ቻይው» አሏት። እሱ ጉልበታቸውን ስሞ «አይለመደኝም» አለ። «ይቅር ካላልሽው የት ታድሪያለሽ?» ብሎ የጠየቃት ግን የለም። ኪራዩን የሚከፍለው እሱ ነው። የልጁንም የትምህርት ቤት ክፍያ እሱ ነው የሚከፍለው። የእኔ ቤት አንድ ክፍል ነው፤ እሱንም ከልጆቼ ጋር እየተጋፋን ነው የምናድርበት። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 የቤተሰብ ክርክር በባህልና በሃይማኖት ሕግ የሚዳኘው በሁለቱም ፈቃድ ነው ይላል። ማደሪያ የሌላት ሴት «እሺ» ስትል ፈቃድ ይባላል?

ክሷን አነሳች። ተመለሰች። አሁንም ስልኳ ከተዘጋ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የቤተሰብ ሕጉን ስህተት ዘገባው በወጣበት በዚያው ገጽ አርሙ። «የግንዛቤ እጥረት» የምትለዋን ወቀሳ አንሱ። ዘጋቢያችሁንም ወደ ጅማ ላኩት፤ ክሳቸውን ካነሱ ሴቶች ጋር፣ ስማቸው እንዳይወጣ ቃል ገብቶ፣ ቁጭ ብሎ ይነጋገር። ከዚያ የፍትሕ ባለሥልጣናቱን ይጠይቅልን፦ ተደብዳቢዋ ልጇን አቅፋ በሌሊት ከምትወጣ፣ ደብዳቢው ለምን አይወጣም?

የአንባቢያችሁ፣ ከጅማ መርካቶ
(ለእህቴ ስል ስሜ እንዳይወጣ)