ሐይቁን ጀርባ ሰጥቶ፦ የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

«ስልክ ይዞ መዞርም ክበብ ሆነ?» ለሚሉን ባልደረቦች መልሳችን ቤተ መጻሕፍቱ ኮሪደር ላይ ተለጥፏል፤ አለፍ ሲሉ ቆም ብለው ይዩት።

ዘንድሮ አባላቱ 23፣ ስልኩ 7 ነበር። የዓርብ ስብሰባዎቹ ቃለ ጉባኤ ስላላቸው እዚህ አልደግማቸውም። አንደኛው ሴሚስተር ከግቢ ሳንወጣ አለቀ፦ ዝናብ ያደረበት ቅጠል፣ የሻይ ክበቧ እንፋሎት፣ የመስኮት ፍርግርግ ጥቁር ሰሌዳው ላይ የሚጥለው ጥላ። አንዱን ነገር ከ10 አቅጣጫ ማንሳት ግዴታ ነበር። ሌንሱን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ መጥረግም እንዲሁ። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ ቅባት ይይዛል፣ ፎቶው ጉም የለበሰ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ዙም ከለከልን፤ የእኛዎቹ ስልኮች ምስሉን ቆርጠው ስለሚለጥጡት በእግር መጠጋት ይሻላል።

ሚያዝያ ላይ አንድ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12፡30 ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል ደረስን። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጠዋት ወደ ውኃው ሲዞሩ ፀሐይ ከጀርባ ናት፤ ወፉም ጀልባውም ቀለሙ ሳይጠፋ ይወጣል። ማታ ግን ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስለምትመጣ ሁሉም ጥቁር ጥላ ነው። ልጆቹ አባ ኮዳን ከበቡት። አስቸጋሪ ወፍ ነው፦ ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ ነጭ። ስልኩ ለጥቁሩ ብርሃን ሲጨምር ሆዱ ባዶ ወረቀት ይመስላል። ስክሪኑ ላይ ነጩን በጣት ነክቶ የብርሃን ምልክቷን ወደ ታች መሳብ ነው መፍትሔው።

አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ብቻ ሐይቁን ጀርባ ሰጥታ፣ ከተሰቀለ መረብ ሥር ተንበርክካ ነበር። ፀሐይዋን ከመረቡ ኋላ ስላደረገቻት በየዓይኑ የተንጠለጠለው ጠብታ በራ። መጀመሪያ በጣም ተጠግታ ስልኩ አልያዘላት አለ፤ አንድ መዳፍ ያህል ወደ ኋላ ስትል ጠራ። ባለ መረቡ አዛውንት ስልኩን ተቀብለው ብዙ ሲያዩ ቆዩና፣ «ልጄ፣ ይሄ የኔ መረብ ነው?» አሏት። ሠላሳ ዓመት ይሁን አርባ፣ በየጠዋቱ የሚያራግፉት መረብ።

የሰኔው ዐውደ ርእይ ከ18 ፎቶ 5ቱ ደብዝዘው የወጡበት ነበር። ጥፋቱ የእኛው ነው፦ ለኅትመት እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ ስለላክናቸው ተጨመቁ። ለኤ4 ጥራት ያለው ኅትመት ወደ 2,480 በ3,508 ፒክስል ያስፈልጋል። የመረቡ ፎቶም ከአምስቱ አንዱ ነው። ስልኩ የተውሶ ስለነበር ባለቤቱ ቦታ ሲጠበው ዋናውን አጠፋው።

ለስፖርት ክበብ ኳስ ሲፈነዳ በሳምንቱ ይተካል፤ ይገባዋልም። እኛ ከወላጅ መምህር ኅብረት የምንጠይቀው አንድ ሃርድ ዲስክ፣ ሁለት ያገለገሉ ስልኮችና የኅትመት ወጪ ነው። ለአዛውንቱ አንድ ቅጂ እንደምናደርስላቸው ልጅቷ ቃል ገብታለች፤ እስካሁን አልደረሳቸውም።