መደምደሚያ ማጠቃለያ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

አማርኛ ሁለት ቃላት ሰጥቶን ሳለ የምርምር ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ብዙዎች ማጠቃለያንና መደምደሚያን እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል። ማጠቃለል የተበተነውን መሰብሰብ ነው፤ መደምደም ግን የተሰበሰበውን አይቶ ፍርድ መስጠት ነው። ወራት የፈጀ ጥናት መጨረሻው ላይ አጠቃሎው (ከጽሑፉ ፊት የሚቀመጠው አጭር ማጠቃለያ) ራሱ በመደምደሚያ ስም ተቀድቶ ሲገኝ ያሳዝናል። ጊዜ ያጠረው አንባቢ መግቢያውን ካየ በኋላ የሚዘለው በቀጥታ ወደ መደምደሚያው ነውና።

ችግሩን የሚያመጣው ስንፍና ብቻ አይደለም። ጸሐፊው የውጤቱን ምዕራፍ ፊቱ ዘርግቶ ስለሚጽፍ እጁ ወደ መገልበጥ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ወረቀት ለሁለት ይከፈል፤ በግራ በኩል የጥናቱ ጥያቄዎች መግቢያው ላይ እንደተጻፉ ይስፈሩ፤ በቀኝ በኩል ለእያንዳንዱ የአንድ ዓረፍተ ነገር መልስ ይጻፍ። ከዚያ የውጤቱን ምዕራፍ ዘግቶ ከዚህ ወረቀት ብቻ መጻፍ ነው። በቀኝ በኩል ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ጥያቄው አልተመለሰም ማለት ነው፤ ይህንንም በግልጽ መናገር እንጂ ጥያቄውን ከመግቢያው ላይ በዝምታ መሰረዝ አይገባም።

የመደምደሚያው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር መልሱን ይያዝ። የ120 ተማሪዎች የእንቅልፍ ሰዓትና የፈተና ውጤት በአንድ ዙር መጠይቅ ተሰብስቧል እንበል። «በቂ እንቅልፍ የተማሪዎችን ውጤት እንደሚያሻሽል ተረጋግጧል» ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። መጠይቁ የሚያሳየው ተዛምዶን እንጂ መንስኤን አይደለም፤ እንቅልፉንም ውጤቱንም ያበላሸው ጭንቀት ሊሆን ይችላል። «ረዘም ላለ ሰዓት የሚተኙት ተማሪዎች ከፍ ያለ ውጤት አላቸው፤ መረጃው በአንድ ጊዜ የተሰበሰበ በመሆኑ ግን እንቅልፉ ውጤቱን አመጣው ለማለት አያስችልም» ቢባል ግን ጥናቱ የቆመበት መሬት ጠንካራ ነው።

እዚህ ላይ ግሱ ብዙ ይወስናል። «አረጋግጧል»፣ «አሳይቷል»፣ «ይጠቁማል» የሚሉት ክብደታቸው አንድ አይደለም፤ 12 ሰዎችን ብቻ ያነጋገረ ጥናት የመጀመሪያውን ሊጠቀም አይችልም። በትንሽ ናሙና «ልዩነት አልተገኘም» ማለትና «ልዩነት የለም» ማለትም እጅግ የተራራቁ ናቸው፤ ልዩነቱ ኖሮ ናሙናው አንሶ ሳይታይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ልክን ማወቅ ግኝትን አያሳንስም። ሳይንቲስቶቹ ዋትሰንና ክሪክ እ.ኤ.አ. በ1953 የዘር መረጃን የሚይዘውን የዲኤንኤን መዋቅር ያሳወቁበት ጽሑፍ ከአንድ ገጽ የሚበልጠው በጥቂቱ ነው፤ ግኝታቸው የዘር መረጃ እንዴት እንደሚባዛ ፍንጭ መስጠቱን የነኩትም ወደ መጨረሻው በአንዲት ጥንቁቅ ዓረፍተ ነገር ነው።

አዲስ መረጃ፣ አዲስ ሠንጠረዥ ወይም ቀድሞ ያልተነሳ ምንጭ መደምደሚያው ውስጥ አይገባም፤ የሚመዘንበት ቦታ አልፏል። ርዝመቱ ከጠቅላላው ጽሑፍ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይበቃል፤ ለ6,000 ቃላት ጽሑፍ ከ300 እስከ 600 ቃላት መሆኑ ነው።

«ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚለው የተለመደ ሐረግ ለማንም አይጠቅምም። ምን ዓይነት ጥናት? በእንቅልፉ ምሳሌ «ተማሪዎቹን ዓመቱን ሙሉ እየተከታተለ የጭንቀት መጠናቸውንም የሚለካ ጥናት» ቢባል ቀጣዩ አጥኚ ሥራውን ከዚያ ይጀምራል። ምክረ ሐሳብም እንዲሁ ነው፤ ማን ምን ያድርግ የሚለውን ካልተናገረና ከየትኛው ግኝት እንደመነጨ ካላሳየ ምኞት ሆኖ ይቀራል።

ረቂቁ ሲያልቅ መካከሉን ዘሎ መግቢያውንና መደምደሚያውን አከታትሎ ማንበብ ብዙ ያጋልጣል። መግቢያው ላይ «ተነሳሽነት» የተባለው መጨረሻ ላይ «ፍላጎት» ሆኖ ከተገኘ አንባቢው ሌላ ነገር የተለካ ይመስለዋል፤ በምርምር ጽሑፍ ቃልን ለውበት መለዋወጥ ጉዳት ነው። ከዚያ «ጥናቱ ለሌሎች ተመራማሪዎች መነሻ እንደሚሆን ተስፋ ይደረጋል» የምትለውን የመጨረሻ መስመር በእጅ ሸፍኖ ከእሷ በፊት ያለውን ማንበብ ነው። ጽሑፉ እዚያ ካበቃ፣ የተሸፈነችው ትሰረዝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ